ጋቢው የሄደበት መንገድ

አንድ ሰው አውስትራሊያ ሊሄድ ነው ሲባል ከሰማሁ ዕቃ ይዤ በሩ ላይ ነኝ። ሰው እዚያ አገር ገባ ማለት ለእኔ እህቴ ደጃፍ ደረሰ ማለት ነበር።

ለንደን፣ ስቶክዌል በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ታደሰ ሲድኒ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲነሡ፣ ለታናሽ እህቴ ለሰናይት ጋቢ ይዤ ሄድኩ። ሰናይት አሊስ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ነርስ ናት።

«ከሲድኒ ትንሽ ወጣ ትላለች፤ መጥታ ትወስዳለች» አልኳቸው።

«ብቻዋን ነው የምትኖረው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» ስላቸው ጋቢውን ተቀበሉኝ።

በበረሩ ማግስት እዚሁ ለንደን የተወለደችው ልጄ ስልኳ ላይ ቼክ አደረገች። «ማሚ፣ ከሲድኒ በፕሌን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ከዚህ ግሪክ እንደመሄድ ነው፤ ደግሞ በረሃ መሃል» አለችኝ።

ለካ ሰናይት «ትንሽ ወጣ ያለች ናት» ስትለን የኖረችው እንዳናስብ ብላ ነው። በሽማግሌ ላይ ይህን መጫኔ አሳፍሮኝ ለጋሽ ታደሰ ብደውል ብደውል ስልካቸው አይነሳም።

በሳምንቱ ሰናይት ከቤቷ በቪዲዮ ደወለች። ከጎኗ ጋሽ ታደሰ ጋቢውን ደርበው ሻይ ይጠጣሉ።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ መራቁን አላወቅኩም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔማ አውቅ ነበር» አሉ። «ብቻዋን ናት ያልሽኝ ዕለት ነው ከሲድኒ ወደ እሷ የሚያመጣኝን ትኬት የቆረጥኩት።»