የሁለት ቤት ቀርከሃ

ዛሬ ነቀምቴ ገበያ እርጥብ ቀርከሃ ከጋሪ ሲያወርዱ ሽታው አቆመኝ።

ከጎጃም የመጣው አባቴና ጎረቤታችን ኦቦ ቶለራ ባንዲራ የሚሰቅሉት በጋራ አጥራቸው መሃል በቆመ አንድ ቀርከሃ ነበር። በጥምቀት የእኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይወጣል፤ በኢሬቻ የእነሱ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤት የሰማሁት የባንዲራ ክርክር አናዶኝ፣ በኢሬቻ ዋዜማ ቀርከሃውን በመጋዝ ቆረጥኩት።

ኦቦ ቶለራ ቁራጩን አገላብጠው አዩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ባንዲራዬን ባትወጂው መብትሽ ነው። ለጥምቀት የእናንተን በምን ልንሰቅለው ነው?» አሉኝ።

ለጥምቀት ከዲጋ አዲስ ቀርከሃ ራሳቸው ተሸክመው መጡ። አባቴ ባንዲራውን አሰረ፤ እሳቸው ሲያቆሙት እኔ ከሥሩ ያዝኩ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩና «ትንሽ ወደ ቀኝ» አልኩ። እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ የተሻለ ቃል አልወጣኝም።