ላስታ በአያቴ ግድግዳ ላይ

ሐሙስ፣ ንጋት፤ ወልድያ

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ወደ ላስታ አውቶቡስ መጠበቅ ዘበት ነውና፣ ጨውና ስኳር የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ እኔና እናቴ ተጣብቀን ተቀመጥን። ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን በባትሪ እያየ «ምን ልትሠሩ ነው?» አለ።

«የእናቴ ተዝካር ነው» አለች እናቴ። ወታደሩ ገመዱን ለቀቀው።

አያቴ መምህርት ተዋበች ዕድሜዋን ሙሉ ላሊበላ አጠገብ ሳይንስ አስተማረች። አርባዋ ነገ ነው። ትኖርበት የነበረው የመምህራን ቤት ስለሆነ፣ ከተዝካሩ ማግሥት ሌላ መምህር ይገባበታል። እናቴ ዕቃም ልብስም አልፈለገችም። «ያንን ግድግዳ አንድ ጊዜ ልየው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብላኛለች።

ግድግዳው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ስላልነበረው አያቴ መኖሪያዋን ቤተ ሙከራ አደረገችው። ከዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጣ፣ በሚስማር በስታ፣ በደጅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰካችው። በርና መስኮቱ ተዘግቶ ቤቱ ሲጨልም፣ ፀሐይ የመታችው ደጅ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ በማዶው ግድግዳ ላይ ተገልብጦ ይታያል። ተራራው ቁልቁል፣ ሰማዩ ከታች። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ የምታስተምረው በዚህ ነበር። ታዲያ ተማሪው እንዲያይ ውጭ የሚራመድ ሰው ያስፈልጋል። የምትራመደው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች።

«ሂጂ፣ ተመለሺ፣ እጅሽን አንሺ ስባል ነው ያደግሁት» ትላለች። «ተማሪው ውስጥ ሆኖ ይስቃል፤ እኔ ውጭ ሆኜ ሳቁን እሰማለሁ። ነገ አንቺ ትገቢያለሽ ትለኝ ነበር። ነገ ሳይደርስ አግብቼ ደሴ ወረድሁ።» ከዚያ ወዲህ በሄደች ቁጥር ወይ ክረምት ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው።

ረፋድ፤ ጋሸና

ጭጋጉ አልተነሣም። መኪኖች መብራታቸውን እንዳበሩ ቆመዋል፤ ረዳቶች ብርድ ልብስ ለብሰው ጎማ ይደበድባሉ። ብርዱ ጥርስ ከጥርስ ያጋጫል። አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ሽሮ በገብስ እንጀራ ቀረበልን።

ሾፌራችን ሰይድ የመርሳ ሰው ነው። «የማን ተዝካር ነው፣ እትዬ?» ብሎ ጠየቀ።

«የመምህርት ተዋበች።»

የጠቀለለውን አፉ ሳያደርስ ቆመ። «ገብስ በመስታወት ስባሪ በፀሐይ የሚቆሉት? ነፍሳቸውን ይማር! ወላሂ፣ እኔንም ግድግዳቸውን አሳይተውኛል። ጨለማ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉት። ቀና ብል መኪናዬ ጎማዋን ወደ ሰማይ አድርጋ ተገልብጣለች! ረዳቴ ጉድ ሠራኝ ብዬ እየጮኽሁ ወጣሁ። ብወጣ፣ ረዳቴ ጥላው ሥር ሸንኮራ ይመጥጣል።»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ወደ መኪናው ስንመለስ ግን እናቴ ክንዴን ይዛ «ሾፌሩ እንኳ አይቶታል» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ከቀትር በኋላ፤ ወደ ነአኩቶ ለአብ

ከጋሸና ወዲህ ያለው መንገድ በጋ ብቻ የሚያስኬድ ነው። ኅዳር ነውና ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ጭጋጉ ሸለቆው ውስጥ ቀርቶ እኛ ከበላዩ እንሄዳለን፤ አንዳንድ ጊዜ መሬቱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። አንቀላፍቼ ስነቃ ተራራ፣ ደግሞ አንቀላፍቼ ስነቃ ሌላ ተራራ። በዚህ መሀል አያቴ በተበሳ ቆርቆሮ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ እንደ አጉሊ መስታወት አንጠልጥላ፣ «የቁንጫ እግር አይተሽ ታውቂያለሽ? ነይ እይ» ትለኛለች። ልጅ ሳለሁ ያደረገችው ነው፤ መኪናው ውስጥ ግን በሕልሜ ይሁን በትዝታዬ አላውቅም። መኪናው ቆሞ «ደረስን» ሲባል ቅር አለኝ።

ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወዲህ ባለው ዳገት ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዳስ ይጥላል። የአያቴ ቤት አዲስ ተመርጎ ጭቃው ገና አልደረቀም። የቅርብ ጎረቤቷ አያ ሞላ እጃቸውን እያራገፉ መጡ።

«እንዴት ከረማችሁሳ! አየሽው ቤቱን፣ ልጄ? ለእርሳቸው ክብር ብለን መረግነው። አንዲት ቀዳዳ አልተውንም።»

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «አያ ሞላ፣ ያች ቆርቆሮስ?»

«ተደፈነች። ሥዕሉማ የእርሳቸው ጥበብ ነበረ፤ አብሯቸው ሄደ ብለን ነው። ባለቤቷ ከሞቱ ቀዳዳዋ ምን ትሠራለች?»

ምን ይባላል? ከፍቅር የመጣ ነገር ነው። እናቴ «እግዜር ይስጥልን» ብላ ጓዳ ገባችና አለቀሰች። እኔ ተናደድሁ፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ።

ዓርብ፤ ተዝካሩ

ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀመጡ። ቀኑ ዓርብ ነውና ድግሱ የጾም ነው፤ ምስር፣ ክክ፣ ተልባ። ፀሐይዋ ደጁን ሞልታዋለች። ሰው እየበላ ሳለ እናቴ ከዳሱ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ መዳፏን እየለጠፈች ጭቃውን ትዳብሰው ጀመር።

«ምን ጠፋሽ፣ ልጄ?» አሉ አያ ሞላ።

«እኔ ይህን ግድግዳ ከውጭ ነው የማውቀው» አለች። በጣቷ እየመታች ተራመደች፤ ጭቃ፣ ጭቃ፣ ጭቃ። ከዚያ ቆርቆሮው ጮኸ። አያ ሞላ ወስፌ አምጥተው፣ ራሳቸው የመረጉትን ራሳቸው ፋቁት። ቀዳዳዋ ተከፈተች።

«ግቢ» አልኋት።

«ማን ይራመዳል?»

«እኔ ነኛ!»

ገብታ በሩን ዘጋችው። ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ እጄን አነሣሁ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ጉርሻውን ይዞ ያየኛል፤ አያ ሞላም ምርኩዛቸውን አንሥተው ከኋላዬ መራመድ ጀመሩ። ቆይቶ የእናቴ ድምፅ በግድግዳው መጣ፤ የምትጠራው ግን እኔን አልነበረም።

«እማዬ» አለች፤ «እንዲህ ነበር እንዴ የምታይኝ?»