ፋይሉን ክፈቺው በያት

ዌስትላንድስ ሰፈር ባለው ቢሯችን ኬንያዊው ባልደረባዬ ለደንበኛ በስልክ «ፔንዲንግ ነው» ሲል ደሜ ፈላ። ይቺን ቃል ገና በዘጠኝ ዓመቴ ነው የጠገብኳት።

የእኛ ሚሊኒየም በተከበረበት ዓመት እዚሁ ኬንያ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ልትጠይቅ ኢሚግሬሽን ቢሮ በሄደች ቁጥር ከትምህርት ቤት አስቀርታ አስተርጓሚ ታደርገኛለች። ክፍሉ የረጠበ ሹራብና የወተት ሻይ ይሸታል። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሴትዮ ሻይዋን ፉት እያለች፣ ፋይሉን ሳትነካ «ፔንዲንግ» ትላለች።

«ምን አለች?»

«ገና አላለቀም አለች፣ እማዬ።»

«እሱንማ ፊቷም ይናገራል! መቼ ነው የሚያልቀው በያት።»

እጠይቃታለሁ። «ፔንዲንግ» ትላለች እንደገና።

በአራተኛው ምልልሳችን እናቴ መስኮቱን በጥፊ መታችው። «ልጄ ፈተናዋን ትታ ነው የመጣችው! ፋይሉን ክፈቺው በያት!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ በእፍረት አንገቴን ደፍቼ፣ «እናቴ አመሰግናለሁ እያለች ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ፈገግ አለች።

በሚኒባሷ ታክሲ፣ በማታቱ ስንመለስ እናቴ፣ «ያልኩሽን ነገርሻት?» አለችኝ።

«ነገርኳት።»

«ታዲያ ምን ያስቃታል?»

ባልደረባዬ ስልኩን ዘጋ። የደንበኛው ፋይል ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ ነው።

«ክፈተው!» ብዬ ጮህኩበት። በአማርኛ መናገሬ የገባኝ ግራ ተጋብቶ ሲያፈጥብኝ ነው።