አባቴ በጆንያ የሰፋው ሲኒማ

ሐምሌ ገብቶ ገበሬው ማዳበሪያ ሲያጓጉዝ፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር የእርጥብ ጆንያ ሽታ መንገድ ላይ ካገኘኝ፣ ሥራ ላይ ብሆን ጠብ ላይ ብሆን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔን ግን አንጠልጥሎ ወስዶ ብቸና፣ እናትና አባቴ የማይነጋገሩበት ቤት ውስጥ ይከተኛል።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ ነው። እህቴ ባንቻየሁ አስራ ሁለትን ጨርሳ ነበርና እናቴ ኮሌጅ ትግባልኝ ስትል፣ አባቴ ለሞጣ ሰዎች ቃሌን ሰጥቻለሁ ብሎ ዳራት። እሷን በደንብ የጠየቃት ሰው ያለም አይመስለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በሰርጉ ቀን እናቴ የራሷን የብር አምባር አውልቃ፣ በልጇ እጅ ላይ አጥልቃ ጓዳ ገባች። በኛ አገር የሙሽራ እናት ልጇን ተከትላ ወንዱ ቤት አትሄድም፤ ስለዚህ ባንቻየሁ ሞጣ ስትገባ ታልቅስ ትሳቅ አላየችም። ለመልስ ሲመጡም «አሞኛል» ብላ ተከናንባ ተኛች። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣች፤ እንጀራ አቅርባ እንኳ ቁጭ ስትል፣ «አምባሬን መንገድ ላይ አውልቃ ወርውራዋለች፤ እናት ሆኜ አላዳንኳትማ» ትል ነበር።

ክረምቱን ሙሉ የሚነጋገሩት በኔ በኩል ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው፣ እሷ «ለአባትህ ራቱ ቀርቧል በለው» ትለኛለች፣ እሱ «እናትህን እጅሽ ይባረክ በላት» ይለኛል፣ እኔም ከሁለቱም ጉርሻ እየተቀበልኩ ያለ ዕድሜዬ ሽማግሌ ሆኜ ከረምኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ገበሬው ማዳበሪያውን ዘርቶ ባዶውን ጆንያ ሲጥል እሱ እየለቀመ ማጠራቀም ጀመረ፤ መስከረም ሲጠባ ወንዝ ወርደን፣ ድንጋይ ላይ እየወቀጥን አጥበን፣ አጥር ላይ አሰጣነው፤ ሽታው ግን ወይ ፍንክች። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ የባንቻየሁ ባል ወንድም፣ ደሴ የሚባለው ፊልም ቀራጭ፣ የሞጣውን ሰርግ ፕሮጀክተር ይዞ መጥቶ ሊያሳየን እንደሆነ ነገረኝ።

ጎረቤታችን አያ ታከለ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው አዩን።

«አንተ ሰውዬ፣ በጆንያ ፊልም? በቆሎ ልትሞላበት ነው ሙሽራ?»

ስቀው ብቻ አልቀሩም፣ አዲስ ቡሉኳቸውን አውጥተው ይኸው ብለው ሰጡት። አባቴ ቡሉኮውን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየው፣ ገልበጥ አድርጎም አየው፣ ከዚያ «ወፍራም ነው አያ ታከለ፣ ለብርዱ ይሁንዎ» ብሎ መለሰላቸው። ተቃጠልኩ። ሰው ነጭ ቡሉኮ እየሰጠው ማዳበሪያ የሚመርጥ አባት የደረሰኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሰፋው። ጆንያውን በጎኑ እየተረተረ፣ ጽሑፍ ያለበትን እየቆረጠ እየጣለ፣ ነጭ ነጩን እያጋጠመ፣ መርፌ እየተሰበረበት ሌላ እየተካ፣ የግቢያችንን ወርድ የሚያህል አደረገውና በሁለት የባህር ዛፍ አጣና መሀል ወጠረው። ነፋስ ሲመታው እንደ ነጋሪት ይጮህ ነበር። ያቆመበት ቦታ ደግሞ ባሰ፤ ያ ሁሉ ግቢ እያለ ወስዶ ጀርባውን ለማድ ቤቱ በር ሰጥቶ ገተረው፣ ተመልካቹ የሚቀመጠው ከላሞቹ እበት አጠገብ ሆነ።

«አባ፣ እዚህ ምን አመጣው?» አልኩት።

«አጣናውን ያዝ፣ አፍህን ዝጋ።»

ኅዳር ላይ ደሴ ፕሮጀክተሩን ታቅፎ በአውቶቡስ መጣ። እናቴ ምግቡን አብልታ፣ እግሩን አሳጥባ፣ «አንተ ልጄ ነህ፣ ቅያሜ የለኝም፤ እሱ አጠገብ ተቀምጬ ግን የልጄን መዳር አላይም» አለችና ማድ ቤት ገብታ መብራቱን አጠፋች።

ሲጨልም ደሴ ማሽኑን አበራው። ያንን የምገልጽበት ቃል የለኝም። የማዳበሪያው ጆንያ ጠፋ፣ ሞጣ ሙሉዋን ግቢያችን ውስጥ ገባች፣ ቤቷ ከነቆርቆሮዋ፣ ሰዉ ከነእልልታው። ከዚያ ባንቻየሁ ከመኪና ወረደች፣ ከአባቴ በላይ፣ ከአጥሩም በላይ ረዝማ። አንዱ ስፌት በአንገቷ ዙሪያ እንደ ማተብ አልፎ ነበር፣ ነፋሱ ጆንያውን ገፋ መለስ ሲያደርገው ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትተነፍሳለች። አያ ታከለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እህቴ አላለቀሰችም። ፈገግ ብላ ቀኝ እጇን አነሳችና አምባሩን በጣቷ አዞረችው፤ የናቴ አምባር፣ የእንስራ አፍ አክሎ። አባቴን ዞሬ ሳየው ፊልሙን አያይም ነበር፣ ከጆንያው ስር ስር የማድ ቤቱን ደፍ ነበር የሚያየው።

በማግስቱ እናቴ ቁርሱን ራሷ ይዛ መጣች። እኔን አልፋ፣ አባቴ ፊት አስቀመጠችው።

«አምባር በግራ እጅ ማድረግ ማን ነው ያስተማራት?» አለችው።

«በቀኟ ነው።»

«በግራዋ ነው። በዓይኔ በብረቱ።»

እማ በቀኟ ነው ልል አፌን ስከፍት አባቴ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ። ያኔ ገባኝ። ጆንያ ስስ ነው፣ ብርሃኑን ወደ ጀርባው ያሳልፋል፤ ማድ ቤት ጨለማ ውስጥ ቆሞ ከኋላ ለሚያይ ሰው ሁሉም ይታየዋል፣ ቀኙ ግን ግራ ይሆንበታል። ቡሉኮ ቢሆን ኖሮ የምታየው ጨለማ ነበር።

«እንግዲህ በግራዋ ይሆናላ» አለ አባቴ፣ እጁንም ታጠበ።

የኮሌጁን ነገር እናቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም፣ እኔም ብሆን። ግን እኔ ሰው ሲያስቀይመኝ ስልኬ ላይ ብሎክ አድርጌው እፎይ ነው የምለው፣ እንዲህ ያደረግሁት ሰው ብዛቱ፤ ላኮረፈ ሰው መርፌ ስሰብር አንድ ቀን አላደርኩም። ጆንያው አሁን በርበሬ ይሰጣበታል። ባንቻየሁ ለጥምቀት ልጆቿን ይዛ ስትመጣ አምባሩ በቀኝ እጇ ነው፣ እናቴም ሁሌ እጇን ይዛ፣ «ያን ጊዜ በግራሽ ነበር» ትላታለች።

አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «በግራሽ ነበር» ይላል።