በጎቼ የጋጡት መስክ

ጎረቤቴን አልወደውም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ላይ ሚዛናዊ ሰው መስዬ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። ዕድሜው ከአባቴ ዕድሜ ስለሚቀራረብ ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ፤ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ፤ መንገድ ላይ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው ይቅርበት። ሰውን እያከበሩ መጣላት አንጀት እንዴት እንደሚያሳርር የደረሰበት ያውቀዋል።

የተጣላነው በሣር ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ እንዳሉ፣ የሰፈራችን የወል መስክ አለ። ክረምቱን ተዘግቶ ይከርማል፤ ኅዳር ላይ ለከብት ይከፈታል። በገና በዓል ደግሞ ቆልማማ ዱላችንን ይዘን ከታችኛው ሰፈር ጋር የምንጋጠመው እዚያው ነው። ከእንጨት ሥር ተጠርባ የምትሠራውን ኳስ ሩር እንላታለን። ሌላ የመጫወቻ ሜዳ የለንም፤ የቀረው ሁሉ እርሻና ገደል ነው።

እኔ ደግሞ ዓረብ አገር ሄጄ የሠራሁት ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። በረሃ መሃል ሣር አብቅለው ሳይነጋ ያሳጭዱናል። ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለውማ መታጨድ ብቻ አይበቃውም፤ መላጨት አለበት። አለቃችን በየጠዋቱ አንዲት የብረት አሸንዳ ይዞ ይመጣል። ኳሷን አሸንዳው ላይ ያስቀምጥና ጫፉን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ኳሷ ተንሸራታ ወርዳ ሣሩ ላይ ትሮጣለች፤ እሱ የሮጠችውን ርቀት ይለካል። ሩቅ ከሄደች ሣሩ ፈጣን ነው፤ ቶሎ ከቆመች እኛ ላይ ይጮሃል። አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደራችሁ ብሎን የማያውቅ ሰውዬ ለሣር እንዲያ ሲጨነቅ ሳይ እንገሸገሽ ነበር። ሆኖም ሥራው ሳላውቀው ተጋብቶብኛል። አገሬ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ አንዲት ነጭ ኳስ ነበረች፤ መስካችንንም በዚያ ሰውዬ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ለዚህም ይቅር አልለውም።

መስካችን ሰነፍ ነበር። ከብት ሣሩን በምላሱ ጠቅልሎ ይነጨውና ጉቶውን ይተወዋል። ሩሯ ጉቶው ላይ ትንገዳገድና ትቆማለች። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ክንደ ብርቱ ናቸው፤ የቆመች ሩር ይመቻቸዋል። የእኛዎቹ ሯጮች ናቸው፤ ሩሯ ካልሮጠች ሩጫቸው ምን ይሠራል? አምና አዋረዱን። እንግዲህ ዘንድሮ ሰፈርተኛው መስኩን ለመክፈት ሲሰበሰብ ተነሥቼ፣ መጀመሪያ በግ ይግባበት፣ ከብቱ ይቆይ አልኩ። በግ ከሥሩ ነው የሚግጠው፤ ከማጨጃ መኪና አያንስም።

ሰዉ እሺ ሊል ሲል ጎረቤቴ ተነሣ። የሰፈሩ ትልቁ የከብት መንጋ የእሱ ነው። እኛ ከብት ስናረባ ይህ ልጅ ለዓረብ ሣር ሲያጭድ ከርሞ፣ ዛሬ መጥቶ ስለ ሣር ሊያስተምረን ነው ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ሐሳቤ አሸነፈ። በጎቹ ገቡ፤ ፊት ፊት የሄዱትም የእኔ በጎች ነበሩ። እየቆየ መስኩ እንደተላጨ ራስ ሲሆን በልቤ እየፎከርኩ በደጁ አለፍኩ።

እሱ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ወዲያው ቀበሌ ሄዶ፣ ከእርሻዬ ጋር የሚዋሰነው የመስኩ ወገን የአያቴ እርሻ ነው፣ ክፉ ቀን መጥቶ ቤተሰቡ ሲበተን ሣር ወረሰው እንጂ መስክ አልነበረም፣ ይመለስልኝ አለ። የጠየቀው የመስኩን እኩሌታ ያህል ነው። እኩሌታው ከሄደ የሚተርፈው ለጥጃ ማሰሪያ እንጂ ለገና ጨዋታ የሚሆን አይደለም። ቀበሌው ሽማግሌዎች አይተው ይወስኑ፣ እነሱ ያሉትን አጸናለሁ አለ።

ሽማግሌዎቹ ክርስቲያኑም እስላሙም መስኩ ዳር ተቀመጡ። ከሁሉ የሚበልጡት ዓይናቸው የደከመ፣ ምርኩዛቸው የማይለያቸው አንድ አባት ነበሩ፤ እሳቸው ዱአ አድርገው ነገሩን ከፈቱት። ያ ወገን ሲታረስ አይቻለሁ የሚል ሰው ጠፋ። አልታረሰም ብሎ የሚምልም ጠፋ፤ ከእኔ በቀር። አባቴ እስኪሞት ድረስ፣ ይህ መስክ ማረሻ ነክቶት አያውቅም እያለ ነው ያሳደገኝ። እኔም ማልኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፤ ማስረጃ ከሌለ እንዳለ ይቆይ ወደማለቱ እያዘነበሉ ነበር። አፌን ይዤ ብቀመጥ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ጎረቤቴ ግን ዞር ብሎ አየኝና፣ አባትህም እንዳንተው ወሬኛ ነበር አለ። እዚያ ላይ ታወርኩ። ታርሶ የሚያውቅና የማያውቅ መሬት አንድ አይደለም፣ ሣር ቢሸፍነውም ኳስ ታወጣዋለች አልኩ። ጎልፍ ሜዳው ላይ አይቼዋለሁ፤ ቱቦ የተቀበረበት ቦታ፣ በዓይን ምንም ሳይታይ፣ ኳሷ ደርሳ ትወላገዳለች። ቤት ሮጬ ነጯን ኳስና ከጣሪያ የተረፈች አሸንዳ አመጣሁ። መጀመሪያ ማንም ያልተከራከረበት መሃል መስኩ ላይ ለቀቅኳት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሄደች፤ የሰፈሩ ልጆች አጨበጨቡ። ኩራቴን አልደብቅም፤ ያ አለቃዬ እንኳ ቢያይ ይረካ ነበር።

ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ወገን ተሻገርን። ኳሷን ለቀቅኳት። ጥቂት ሮጠችና ሰመጥ አለች፤ ጎኗን ሰጥታ ወደ ቁልቁለቱ ታጠፈች። ጠጠር ይሆናል ብዬ አንስቼ ከሌላ ቦታ ለቀቅኳት። እንደገና ሰመጥ፣ እንደገና ታጠፈች። በሦስተኛውም እንዲሁ። ትልቁ አባት ተነሥተው ኳሷ በታጠፈችበት በኩል በምርኩዛቸው ሣሩን እየዳበሱ ሄዱ፤ ወደ ታች፣ እስከ መስኩ ጫፍ። ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ፈሰስ ነው፤ የእርሻ ውሃ መውረጃ። ሣር ላይ ውሃ ቢተኛ ማን ይጨነቃል? ውሃ የሚያፋስስ ገበሬ ነው። ወላሂ፣ ሐቁ ይሄው ነው።»

ቦዩ በየመካከሉ አለ፤ ካሳዩህ በኋላ በዓይንም ይታያል። በአያቱ ጊዜ ተስቦ፣ ደለል ሞልቶት፣ ከዚያ ላይ ሣር የለበሰ። ከብት የሚተወው ጉቶ ሸፍኖት ኖሯል። አባቴ ዋሽቶኝ እንደሆነ ወይም እሱም ሳያውቅ ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም፤ የምጠይቀው ቦታ የለም። ሽማግሌዎቹ ለጎረቤቴ ፈረዱ። ሰፈርተኛው ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጎረቤቴ አልፎከረም። ኳሷን ከሣሩ አንስቶ አቧራዋን በጋቢው ጠረገና ሰጠኝ።

«በጎችህ ባይግጡት ይሄ ቦይ መቼ ይታይ ነበር?» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ለዚህ መልሱ የታወቀ ነው፤ ሕፃን እንኳ ይመልሰዋል። እኔ ግን ታላቅ ሰው አመስግኖኝ መልስ ሳልሰጥ ጀርባዬን አዞርኩ፤ ይህም እንደ ሁለተኛ ጥፋት ተቆጠረብኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ገና ይታገስ ነበር። እሱ መሬቱ ሳይደርቅ በሬዎቹን አግብቶ ሣሩን ገመሰው። ገና ሲደርስ በተረፈችው ቁራጭ ላይ ተሰለፍን። ሣሩ እንደተመኘሁት ፈጣን ነበር፤ እንዲያውም በዛ። ሩሯን አንድ ጊዜ ሲለጓት እየተንከባለለች ሄዳ የጎረቤቴ ጓል ውስጥ ትወድቃለች፤ ጨዋታው ይቆማል፤ አንዱ ሄዶ ያመጣታል። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ይስቃሉ። ጎረቤቴ ጋቢውን ተከናንቦ እርሻው ዳር ቆሟል።

በመጨረሻ ሩሯ እግሩ ሥር ደረሰች። አነሳት። እንደሚወረውራት ስንጠብቅ በእጁ ይዟት ቆመ፤ የሚያየውም እኔን ነበር። ሁለቱ ሰፈር ዱላውን ተመርኩዞ ይጠብቃል። ጓሉን እየረገጥኩ ሄድኩ። ከታላቅ ሰው እጅ በአንድ እጅ አይቀበሉም፤ ዱላዬን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

«አብሮ ይስጠን» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።