ባዬና አልጠግብ ባይ

ቡሬ ከተማ፣ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት አለፍ ብሎ ካለው ባንክ ደጃፍ የሚቆመውን ባዬን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። በርበሬና በቆሎ ሸጦ ወደ ባንኩ የሚገባ የገጠር ሰው ሁሉ ዱላውን ለእሱ ይሰጣል። ባዬ ዱላዎቹን ከበሩ ጥግ ያቆማቸዋል፤ ሃያም ሠላሳም ቢሆኑ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ለየባለቤቱ ይመልሳል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። «ዱላ ባለቤቱን ይመስላል» ይል ነበር።

እሱም እስከ አርባ ዓመቱ ባለ ዱላ ነበር። አገሩ ወይራ ሜዳ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እርሻውን ጥሎ ጥበቃ የሆነው ሥራ ጠልቶ ወይም ከተማ አምሮት አልነበረም። ቦረቦር አሳድዶት ነው።

ያን ቦረቦር ልጅ ሳለ በአንድ እርምጃ ይሻገረው ነበር። የከብት መሄጃ ነበር፤ ጎርፍ ለመደበትና ቦይ ሆነ። ባዬ አቻምየለሽን ሲያገባ ሚዜዎቹ ዘለው ተሻገሩት። የመጀመሪያ ልጁ ክርስትና ስትነሣ ግንድ ተጋድሞበት ነበር። ሁለተኛው ሲወለድ ግንዱም አጠረ፤ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው ዙሮ ለመምጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበት ጀመር። ሰዉ «አልጠግብ ባይ» ብሎ ስም አወጣለት። በየክረምቱ የጤፉን ማሳ ከዳር ከዳር ገመጠ፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፉን በቁሙ ወሰደ። በዘጠና አምስት ነሐሴ ደግሞ ቤቱ ደጅ ደረሰ። ባዬና አቻምየለሽ ዕቃቸውን አውጥተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ከጎረቤት ጋር ቆመው አዩ። መጀመሪያ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ከዚያ ቤቱ እንደ በሽተኛ አቃስቶ ጎኑን ሰጠና ወረደ። የተረፈቻቸው ከአፋፉ ወዲህ ያለች አንዲት የሣር ቁራጭ መሬት ብቻ ነበረች። እሷን በይዞታ ደብተራቸው አስቀርተው ወደ ቡሬ ገቡ።

ባዬ ለእህል ነጋዴዎች ጆንያ ሲሸከም ኖሮ፣ ባንኩ ሲከፈት በጥበቃነት ተቀጠረ።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለአካባቢው ኅብረተሰብ የሚጠቅም፣ ለአፈርና ለደንም የሚበጅ አንድ ሥራ ይሥራ ይላል። ሥራ አስኪያጇ ትሕትና የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ሠራተኞቹን ሰበሰበችና ሐሳብ ጠየቀች። አንዱ ለትምህርት ቤት ወንበር አለ፣ ሌላው ባለ ዓርማ ቲሸርት ለብሰን በአስፋልቱ ዳር ችግኝ እንትከል አለ። ባዬ በሩን ይዞ ቆሟል።

«ጋሽ ባዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችው።

«እመቤቴ፣ እኔ የደጅ ሰው ነኝ። የደጅ ሰው በቤት ምክር ምን ይገባል?»

«ደጅ የሚቆም ሰው አይደል እንዴ የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው! ይንገሩን እንጂ።»

ባዬ ቆቡን አወለቀ። «እንግዲያውስ ካሉ… አምና በአስፋልቱ ዳር ከተከልነው ችግኝ ስንቱ ጸደቀ?»

ገንዘብ ከፋዩ ወንዳወቅ ሳቀ። «የፍየል ፋሲካ ሆነ!» አለ።

«ባንኩ እጁ አላጠረም» አለ ባዬ። «ቁስሉ ሌላ ቦታ፣ መድኃኒቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው እንጅ።»

«ቁስሉ የት ነው?»

«በእግርዎ ከሄዱ አሳይዎታለሁ።»

በሳምንቱ ሄደች። ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት አወረዳቸው፤ የቀረውን በእግር ተጓዙ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ትሕትና ወደ ታች አየች። ከታች የሚግጥ በሬ ጥጃ አክሏል። ከማዶ ካለው ግድግዳ አንድ ጓል ተላቀቀ፤ ድምፁ ከእግሯ ሥር ድረስ ተሰማት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ይህ ሁሉ አፈር የት ሄደ?»

«ዓባይ ያውቃል» አለ ባዬ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፋ አስፈቀደች፤ ፍኖተ ሰላም ካለው የዞኑ ግብርና መምሪያ ባለሙያ ለመነች፤ ከወይራ ሜዳ ሰዎችም ጋር በመንደሩ ደብር ቅጥር ሥር ቀጠሮ ያዘች።

ሰዉ የተሰበሰበው ከጥርጣሬ ጋር ነበር። ቀድሞ «ባንክ መሬት ሊይዝ መጣ» የሚል ወሬ ደርሶታል። ከሁሉ የጠነከረው አለበል ነበር። ከብት የሚበዛው እሱ ነው፤ ከብቶቹም የሚግጡት እዚያው ቦረቦሩ ውስጥ ነው።

«ባንክ በነጻ እጁን ዘርግቶ አያውቅም» አለ አለበል ተነሥቶ። «ዛሬ ድንጋይ ካበልን፣ ነገ በመያዣ ያዝኳችሁ ቢለንስ?»

ትሕትና ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «አባቶቼ፣ ፊርማም አንጠይቅ፣ ደብተርም አንነካ። እኛ በራችንን የምንከፍተው እናንተ በምታመርቱት በርበሬና በቆሎ ነው። እርሻችሁ ዓባይ ከገባ እኛ ለማን ብለን እንከፍታለን? የመጣነው ለእናንተ አዝነን ብቻ አይደለም፤ ለራሳችንም ፈርተን ነው።»

የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጺማቸውን እየዳበሱ «ይህች ልጅ እውነት ተናገረች። ‹ለእናንተ ስል› ብቻ ብትል ኖሮ እኔም አላምናትም ነበር» አሉ።

ባለሙያው ቀጠለ። ድንጋይ ቢካብ፣ ሣር ቢተከል ሁሉም ከንቱ ነው፤ ከብት ከውስጡ ካልወጣ አይጸድቅም አለ። አሁን ሁሉም ዐይን ወደ አለበል ዞረ።

«ከብቶቼንስ ምን ላብላቸው? ተራራውን?»

ሰዉ አጎንብሶ መሬት ይጭር ጀመር። ባዬ ከኋላ ተነሣ።

«አያ አለበል፣ ከአፋፉ ወዲህ ያለችውን የእኔን ሣር እያጨድህ ውሰድ። ከብትህን ከደጅህ አስረህ አብላ። ቦረቦሩ አገግሞ ሣር እስኪሰጥህ ድረስ ያንተ ትሁን።»

ከሴቶቹ መካከል አቻምየለሽ ቀና አለች። «ባዬ… የቀረችንን?» አለች በቀስታ።

«የቀረችንንማ ቦረቦሩ ሊበላት አይደል? ሰው ቢበላት አይሻልም?»

አቻምየለሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ወደ አለበል ዞረች። «እንግዲህ አንተ ከብትህን ያዝ። እኛ የሰጠነው የተረፈንን አይደለም» አለችው። አለበል ተቀመጠ።

ሥራው ግንቦት ሃያ ቀን ተጀመረ። ባንክ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ገበሬውንም ሥራ የሚያስከለክል ታቦት አልነበረበትም። ከፍኖተ ሰላም በአይሱዙ የተጠቀለለ ሽቦ መጣ። ባለሙያው ሽቦውን እንደ ሣጥን እያጠፈ፣ ውስጡን ድንጋይ እያስሞላ፣ አንዱን ሣጥን ከሌላው ጋር በሽቦ እያሰረ በቦረቦሩ ወገብ ላይ ግድብ መሥራት አሳያቸው። ባዬን አፉን ያስያዘው ግን ሽቦው አይደለም። ወንዳወቅ ያለ ክራቫት ታይቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ሱሪውን ጠቅልሎ ቃሬዛ ተሸክሟል፤ ከኋላ ቃሬዛውን የያዘው አለበል ነው። ትሕትና ወገቧን በነጠላ አስራ ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ ታቀባብላለች። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው፣ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዜማ ያወርዳሉ። ባዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ለዘመቻ ሥራ ስንት ጊዜ ተጠርቶ ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው ዘወር ሲል ሰው ሁሉ ዶማውን ይደገፋል። ያን ቀን ግን ዶማውን የተደገፈ ሰው አላየም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስት ግድብ ቆሞ ነበር፤ ሰዉም ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ ባዬ ፈቃድ ጠይቆ ሊያይ ሄደ። ጎርፉ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እያንከባለለ መጣ። የመጀመሪያውን ግድብ ሲያገኘው እንደ ደነበረ ፈረስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ በላዩ ቀስ ብሎ ፈሰሰ። ሁለተኛውም ያዘው። ሦስተኛው ግን ከዳር ተሸረሸረና ተገለበጠ።

«አልጠግብ ባይ ሽቦም ይበላል!» አሉ ሰዎቹ።

በዚያው ሰሞን ትሕትና ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። ባዬ ነገሩ ያለቀ መሰለው። በሥራው ቀን የባንኩ ሰንደቅ ተሰቅሏል፣ ፎቶው ተነሥቷል፣ ከእንግዲህ ማን ይመጣል? አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ይታገሱ ከወረቀቱ ቀና የማይል ሰው ነው። ለሦስት ወር «እንደምን አደሩ» ብቻ ነበር ንግግሩ። ኅዳር ላይ ድንገት ጠራው። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር።

«ጋሽ ባዬ፣ ሦስተኛው ግድብ የቱ ጋ ነው የፈረሰው?»

ባዬ ክው አለ። «እርስዎ በምን ሰሙ?»

«ትሕትና ስትሄድ ከቁልፉ ጋር ያስረከበችኝ ይህን ነው። ቁልፉን ፈርሜ ተቀብያለሁ። ይህን ግን ሳላይ አልፈርምም። መቼ ይወስዱኛል?»

በማግስቱ ወሰደው። ይታገሱ ወረደና የተገለበጠውን ድንጋይ ዙሪያውን ዞረው፤ ከባለሙያውም ጋር መከረ። በጥር ሦስተኛው እንደገና ተሠራ፤ በላዩም አራተኛና አምስተኛ ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ባንኩ በየዓመቱ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጅ ተቀያየረ፤ መመለሱ ግን አልቀረም። ባዬን ከሁሉ ያስደነቀው ይህ ነበር። አንድ ቀን መልካም የሚሠራ ብዙ አይቷል፤ መልካም ሠርቶ የፈረሰውን ሊያቃና የሚመለስ ግን እሱ በዕድሜው አላየም።

አፈሩ ከየግድቡ ኋላ እየተኛ ደረጃ ሠራ። በደረጃው ላይ አፈር የሚይዝ፣ ለከብትም የሚሆን ዴሾ ሣር ተተከለ፤ በጠርዙ ቀርከሃ። አለበል የባዬን ሣር ለሁለት ዓመት ካጨደ በኋላ፣ አንድ ቀን ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና «ሣርህን መልሼልሃለሁ፤ ከውስጥ የበቀለው ይበቃኛል» አለው። ከብቶቹ ታስረው መዋል ከጀመሩ ወዲህ ወተታቸው መጨመሩን ግን ቢገድሉት አላመነም።

ሁለት ሺህ ስምንት ክፉ ዓመት ነበር። በብዙ አገር ዝናብ ቀረ፤ በወይራ ሜዳም ምንጮች በየካቲት ነጠፉ። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ጎህ ሲቀድ ወጥተው ረፋድ ላይ ይመለሱ ነበር። በሚያዝያ አንድ ቀን አለበል እያለከለከ ከባንኩ ደጅ ደረሰ።

«ባዬ፣ ና።»

«ምን ሆነ? ሰው ሞተ?»

«ና ብዬሃለሁ! በአፍ የሚነገር አይደለም።»

ባዬ ተረኛ ለምኖ ሄደ። ሲደርስ የአገሩ ሰው በሙሉ ቦረቦሩ ውስጥ ነበር። መንገድ ለቀቁለት። ከሁለተኛው ግድብ ግርጌ፣ ከሣሩ ሥር፣ የሰው መዳፍ የምታህል ቦታ ትንቀጠቀጣለች። አሸዋው ቀስ እያለ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ውሃ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ከመሬት ሆድ እየወጣ ድንጋዩን እየላሰ ይወርዳል። ሊጠጣ የደፈረ ማንም አልነበረም።

ባዬ ተንበረከከ። እጁን ሰደደ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ይህን መሬት ያውቀዋል፤ ሲገምጠው፣ ሲሰነጠቅበት፣ ሲወስድበት ያውቀዋል። ሲሰጥ ግን አይቶት አያውቅም። «ኧረ በሥላሴ…» አለ።

መሪጌታ መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩ። ጸሎቱን ሲጨርሱ ፈገግ አሉ። «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ሲሉ አባቶች እውነታቸውን ነው። ይኸው የዋጠውን ሁሉ አጣርቶ ተፋልን» አሉ። ተማሪዎቻቸው ወርቁን ከሰሙ ለይተው ሳቁ፤ ሰዉም ተከተለ፤ ከሳቁ መሐል የሚያለቅስም ነበር። አቻምየለሽ በእጇ ዘግና ቀመሰች። «ጣፋጭ ነው» አለች።

ባለሙያው ኋላ መጥቶ አስረዳቸው። ድሮ እየጋለበ የሚሄደው ጎርፍ አሁን በግድቡ ቆሞ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የሰረገውም ዓመታት ቆጥሮ በታች ይወጣል። ባዬ ነገሩ ገባው። ስለገባው ግን አልቀለለበትም፤ ይልቁን ድንጋይ በእጁ ያቀበለባቸውን ቀኖች ባሰበ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመው ነበር።

ባንኩ ምንጯን በሲሚንቶ አስገነባት፤ ለሰው ቧንቧ፣ ለከብት ገንዳ አበጀ። ወሬው ሲሰማ ከሌላ ወረዳ ሰው መምጣት ጀመረ። ያኔ የነበረው ሥራ አስኪያጅ ባዬን በወር አንድ ቀን ከደጁ ነጻ አደረገው፤ እንግዶቹን የሚያስጎበኘው እሱ ሆነ።

በሁለት ሺህ አሥር ጥቅምት ከደምበጫ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ገበሬ መጣ። ባዬ በሣሩ መሐል እየመራ አሳያቸው፤ አለበል በቅርቡ በሣሩ ዳር ካኖራቸው ቀፎዎች ንብ ይተማል፤ ውሃው በቀርከሃው ሥር ይሮጣል። አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው መሬቱን ወጋ ወጋ እያደረጉ ቆዩና ጠየቁ።

«ልጄ፣ የቦረቦሩ ጥልቀት ስንት ነበር አልከኝ?»

«አባቴ፣ ሦስት ሰው በላይ በላይ ቢቆም አይወጣም ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አይ ያንተ ነገር! የሠራኸውን ለማሳመር ትንሽ ጨምረህበታል። እዚህማ ገደል ኖሮ አያውቅም።»

ጓደኞቻቸውም አብረው ሳቁ። ባዬ ሊምል አፉን ከፈተ። ዙሪያውን አየ፤ እውነትም የገደል ምልክት አልቀረም። አፉን ዘጋና አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለና «በሉ አባቴ፣ ከዚህች ይቅመሱ» ብሎ ወደ ምንጯ መራቸው።