ከአቡጀዲው ስር የወጣችው እጅ

የምስክር ወረቀቴ ሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ ጽሑፉ የፈረንጅ ስለሆነ ባይገባውም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በዚያ በኩል የማልፈው ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ ነው። እንዴት እንዳገኘሁት ልናገርና ይውጣልኝ።

አዳማ ያኔ የባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ቀኑን ሙሉ የማይተኛ አቧራ ነበረች። ከጣቢያው ጀርባ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ባለሁለት ክፍል ሐኪም ቤት ከፍቶ ነበር። አስታማሚ ሆነን የምንሠራለት ሁለት ሴቶች ነበርን፤ እኔና አንዲት የሞጆ ልጅ። ቁስል እናጥባለን፣ ኪኒን እንሰጣለን፣ የትኩሳት መለኪያ እናነባለን። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ሲል «ሁለታችሁንም እፈትናለሁ፤ የተሻለችው ወረቀት አግኝታ ቤቱን ትይዛለች» አለን። የሞጆዋ ልጅ እናትና አባት አሏት፤ ብትወድቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። እኔ ብወድቅ የምገባው አጎቴ ቤት ነበር፤ አጎቴ ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ ሊድረኝ ወስኖ ጨርሷል። ፈተናውን እንደ ሞት ፈራሁት።

የፈተናው ቀን ከአርሲ በኩል የመጣች የወባ በሽተኛ ጥጉ ላይ ተኝታ ነበር። ሙስሊም ናት፤ ያመጧት ሰዎች ለወንድ ዓይን እንዳትታይ ስለለመኑ አልጋዋ ዙሪያውን በአቡጀዲ ተጋርዷል። የሚታየው ከመጋረጃው ስር ወደ ውጭ የተዘረጋው ቀኝ እጇ ብቻ ነው፤ ጥፍሮቿ ሂና የተቀቡ፣ አንጓዋ ላይ የብር አምባር። ሐኪሙ የአንድ ደቂቃውን የአሸዋ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አሸዋው ፈስሶ እስኪያልቅ የደም ሥሯን ትርታ ቁጠሩና ሰሌዳችሁ ላይ ጻፉ። በየተራ ግቡ» ብሎ በር ላይ ቆመ።

የሞጆዋ ልጅ ቀድማ ገባች። ስትወጣ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ ሌባ ነው። ዘጠና ስድስት ይላል።

ገባሁ። እኩለ ቀን ነው፤ ቆርቆሮው በፀሐዩ ይንጣጣል፣ ነፋሱ አቡጀዲውን ወደ ውስጥ ይስበውና መልሶ ይተፋዋል። እንደተማርኩት ሦስት ጣቶቼን አንጓዋ ላይ አሳረፍኩና የአሸዋ ሰዓቱን ገለበጥኩ። እጇ ሞቃት ነው። ከጣቶቼ ስር ግን ምንም የለም። ቦታ ቀየርኩ። ጫን አልኩ። ምንም። አሸዋው ሲፈስ ይሰማኛል፣ የእሷ ትርታ አይሰማኝም። ያኔ ከመጋረጃው ማዶ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ቀስ ያለ፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ። «አለች፤ የተበላሸው የእኔ ጣት ነው» አልኩ በልቤ። ሐኪሙን ብጠራው ትርታ ማግኘት የማትችል አስታማሚ ተብዬ መውደቄ ነው። አሸዋው አለቀ። ዘጠና ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ዘጠና ስድስት ያላልኩት እንዳይነቃብኝ ነው፤ ለውሸት ጊዜ ብልሃት አይጠፋኝም።

ሐኪሙ ሁለቱን ሰሌዳ አይቶ ራሱ ሊቆጥር ገባ። እጇን ያዘ። ብዙ ቆየ። ከዚያ አቡጀዲውን ገለጠው። ሴትዮዋ ዓይኗ በግማሽ እንደተከፈተ ሞታለች። ከአልጋዋ ማዶ፣ መሬት ላይ፣ ባሏ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ጠና ያሉ የቆዳ ነጋዴ ናቸው። እዚያ መኖራቸውን አላወቅንም ነበር። የሰማሁት ትንፋሽ የእሳቸው ነው።

ሐኪሙ የራሱን አንጓ ዘረጋልንና «እንዴት እንደያዛችኋት አሳዩኝ» አለ። የሞጆዋ ልጅ በአውራ ጣቷ ያዘችው። «አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው። የቆጠርሽው የራስሽን ልብ ነው» አላት። እኔ ሦስት ጣቶቼን አሳረፍኩ። «አንቺ ልክ ነሽ። እንግዲያው አንቺ ስትይዣት በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው አሁን ነው» አለኝ። ወደ ባሏም ዞሮ ይህንኑ ደገመላቸው። እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ወረቀቱ የእኔ ሆነ። የሞጆዋ ልጅ በማግስቱ ባቡር እያለቀሰች ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የሟቿ ባል በየገበያው ቀን ይመጡ ጀመር። «አከም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኝና ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«ስትይዣት ይመታ ነበር?»

«ይመታ ነበር፣ አባባ።»

ፊታቸው ይጠቁራል። እያጽናናኋቸው መስሎኝ ስለነበር ለምን እንደሚጠቁር አይገባኝም። እጄን ለቅቀው ይሄዳሉ፤ በሚቀጥለው ገበያ ይመለሳሉ። ሰባት ዓመት! እሳቸው በመጡ ቀን የበሽተኛ እጅ ስይዝ ትርታው መጀመሪያ ይጠፋብኛል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ለቅቄ እይዛለሁ። አንዳንዴም አልጋው ባዶ ሆኖ፣ አቡጀዲው በነፋሱ ሲገባና ሲወጣ፣ ያ ትንፋሽ ይሰማኛል። የባልየው ትንፋሽ መሆኑን አውቃለሁ። ባልየው ግን እዚያ የሉም።

በሰባተኛው ዓመት ወባው እሳቸውንም ጣላቸው። ያንኑ ጥግ፣ ያንኑ አልጋ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ባዶ አልጋ አልነበረም። አንጓቸውን በሦስት ጣቴ ያዝኩ። በሌላው እጃቸው እጄን ከላይ ጨበጡት።

«የእኔ ይመታል?»

«ይመታል፣ አባባ።»

«የእሷም እንዲህ ነበር?»

ደከመኝ። «አልነበረም» አልኩ። «ምንም አልነበረም። እንዳልወድቅ ፈርቼ ነው የጻፍኩት።»

እስኪረግሙኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጣሪያውን እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ያን ቀን ግራ እጇን ይዤላት ነበር። ሲያንዘፈዝፋት እጄን ትጨብጣለች። የመጀመሪያዋ ልጅ ሳትገባ በፊት ለቀቀችኝ። ሞተች ብዬ ልናገር ስል ልጅቱ ገብታ መቁጠር ጀመረች። አንቺም ገብተሽ ቆጠርሽ። እኔ የቆዳ ነጋዴ ነኝ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እኔ የማላየው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሐኪሙ አሁን አረፈች አለኝ። እኔ ሞተች ካልኩ በኋላ ልቧ ለእናንተ ከመታ፣ እሱ ሞተች ካለ በኋላስ እንደማይመታ በምን አውቃለሁ? የዚያኑ ቀን ቀበርናት። አፈሩ ሲመለስ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ሰዎቹ ጎትተው አነሱኝ። ከዚያ ወዲህ አዳምጣለሁ።»

እፍረት እንደዚያን ቀን አቃጥሎኝ አያውቅም።

«ሞታ ነበር?» አሉኝ።

«ሞታ ነበር፣ አባባ። እኔ ከመግባቴ በፊት ሞታ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እጄንም ለቀቁኝ። ጣቶቼን ከአንጓቸው ላይ አላነሳሁም፤ ትርታቸው እየተረጋጋ ሲሄድ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ቆጠርኩ። ከሳምንት በኋላ ድነው ወጡ። በገበያ ቀን ግን ዳግመኛ አልመጡም።